የሞተው ሌንስ ገበያ አገኘ፤ የአሮጌ ሌንስ ዋጋ በምን ይለካል?

በካሜራ ገበያ ቦዲና ሌንስ አብረው ቢሸጡም አብረው አያረጁም። ቦዲው እንደ ሞባይል ስልክና እንደ ኮምፒዩተር አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው የሚወርድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። ሌንሱ ግን በመሠረቱ ብርጭቆና ብረት በመሆኑ በአግባቡ ከተያዘ ከ40 ዓመት በኋላም ሥራውን አይበድልም። ይሁን እንጂ ሌንስ ብቻውን ፋይዳ የለውም። የሚገጠምለት ቦዲ ከገበያ ከወጣ ሌንሱም መደርደሪያ ላይ የቆመ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የቆየ ሕግ ያናወጠው ሚረርለስ የሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ወደ ገበያ መግባት ነው። እነዚህ ካሜራዎች ከመጡ ወዲህ ሞተዋል የተባሉ ሌንሶች አዳፕተር በሚባል መካከለኛ ቀለበት አማካይነት እንደገና ሥራ ጀምረዋል፤ የአንዳንዶቹም ዋጋ ከወደቀበት ተነሥቷል። በአንጻሩ ትናንት ውድ የነበሩ አንዳንድ ሌንሶች በአዲሱ ካሜራ ላይ ግማሽ አገልግሎታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ያገለገለ የካሜራ ዕቃ ለሚገዛና ለሚሸጥ፣ ለሚያሻሽጥም ሆነ ገንዘቡን በፎቶና በቪዲዮ ሥራ ላይ ላዋለ ሰው ጥያቄው የትኛው አሮጌ ሌንስ ገንዘብ ነው፣ የትኛውስ ጌጥ ብቻ ነው የሚል ነው። መልሱ በሌንሱ ስም ወይም በውበቱ ላይ ሳይሆን በሁለት ነገሮች ላይ ይገኛል። አንደኛው የመግጠሚያው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚገኝበት ቦታ ነው።

ጥቂት ሚሊ ሜትር የፈጠረው ገበያ

የቀድሞው ባለ መስታወት ካሜራ፣ ፊልም የሚጎርሰውም ሆነ ዲኤስኤልአር የሚባለው ዲጂታሉ፣ በሌንሱና በፊልሙ ወይም በሴንሰሩ መካከል የሚነሣና የሚወድቅ መስታወት አለው። ለዚህ መስታወት መንቀሳቀሻ ቦታ ስለሚያስፈልግ ሌንሱ ከሴንሰሩ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ የግድ ነበር። ሌንሱ ከሚያርፍበት የብረት አፍ እስከ ሴንሰሩ ያለው ይህ ርቀት በየፋብሪካው የተወሰነ ነው። በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር፣ በመጠምዘዝ በሚገጠመው ኤም42 45.46 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊ ሜትር፣ በቀድሞው የሚኖልታ ማኑዋል ሌንስ 43.5 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን ኤፍዲ ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው።

በሚረርለስ ካሜራ መስታወቱ ስለወጣ ርቀቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። የካኖን አርኤፍ 20 ሚሊ ሜትር፣ የፓናሶኒክና የኦሊምፐስ ማይክሮ ፎር ቴርድስ 19.25 ሚሊ ሜትር፣ የሶኒ ኢ 18 ሚሊ ሜትር፣ የፉጂፊልም ኤክስ 17.7 ሚሊ ሜትር፣ የኒኮን ዜድ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ነው።

እንግዲህ አዳፕተር የሚሠራው የዚህን ልዩነት ያህል ቦታ መሙላት ነው። የኒኮን ኤፍ ሌንስ ሶኒ ላይ ሲገጠም 46.5 ሲቀነስ 18፣ ማለትም 28.5 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ በካኖን አርኤፍ ካሜራ ላይ ሲገጠም 24 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በቀለበቱ ውስጥ ባዶ ቦታ እንጂ ብርጭቆ ስለሌለ የምስሉ ጥራት አይነካም። ሌንሱ በራሱ ካሜራ ላይ በነበረበት ርቀት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ነገሩ ወደ ኋላ አይሠራም። ለሚረርለስ የተሠራ ሌንስ ለሴንሰሩ ቀርቦ እንዲቀመጥ የታሰበ በመሆኑ በባለ መስታወት ካሜራ ላይ ቢገጠም ሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ ማንሣት አይችልም። ከዚህ ለነጋዴ የሚጠቅም አንድ ደንብ ይወጣል። ርቀቱ ረጅም የሆነ ሌንስ ብዙ ገዢ አለው፤ ርቀቱ አጭር የሆነ ቦዲ ደግሞ ብዙ ሌንስ ይቀበላል። ለምሳሌ የአፐርቸር ቀለበት ያለው የቆየ የኒኮን ማኑዋል ሌንስ በሁሉም ሚረርለስ ካሜራዎች ላይ ብቻ ሳይሆን በካኖን ኢኤፍ ዲኤስኤልአር ላይም ይሠራል። በሌላ በኩል የኒኮን ዜድ ቦዲ ከሁሉም አጭር በመሆኑ የሶኒ ኢ ሌንሶችን ሳይቀር በ2 ሚሊ ሜትር ቀጭን አዳፕተር ሊቀበል ይችላል።

የካኖን ኤፍዲ ትንሣኤ

የርቀት ጉዳይ የሌንስን ዋጋ እንዴት እንደሚጥልና እንደሚያነሣ ከካኖን ኤፍዲ የተሻለ ማስረጃ የለም። ካኖን ኤፍዲ የተባሉትን ሌንሶች እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ አቀረበ። በ16 ዓመታት ውስጥ በርካታ የጋዜጣና የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ገንዘባቸውን በእነዚህ ሌንሶች ላይ አዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን ኩባንያው ኢኦኤስ የተባለውን የኦቶፎከስ ካሜራ ሲያወጣ አሮጌውን አፍ ትቶ ኢኤፍ የተባለ አዲስ አፍ አመጣ። የአዲሱ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር፣ የአሮጌው 42 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ኤፍዲ ሌንሶችን ከአዲሱ ካሜራ ውጪ አደረጋቸው። ማስተካከያ ብርጭቆ ያለው መቀየሪያ ቢሠራም የሚያገለግለው ለተወሰኑ ረጃጅም ሌንሶች ብቻ ነበር። ባለሙያዎቹ አዝነው ቀሩ፤ ሌንሶቹም ለሃያ ዓመት ያህል በርካሽ የሚሸጡ ሆኑ።

ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ1 የተባለውን የመጀመሪያውን የማይክሮ ፎር ቴርድስ ካሜራ፣ ሶኒም በ2010 የኢ አፍ ያላቸውን ካሜራዎች፣ ከዚያም በ2013 ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ያላቸውን ኤ7 ካሜራዎች ሲያወጡ ሁኔታው ተለወጠ። 42 ሚሊ ሜትር ለ18 ሚሊ ሜትር ካሜራ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ለባለ መስታወት ካሜራ የማይሆነው ሌንስ ለሚረርለስ ምቹ ሆኖ ተገኘ። ፈላጊው ሲበዛ የኤፍዲ ዋጋም ከነበረበት ከፍ አለ። ሌንሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፊቱ የቆመው ካሜራ ነው።

ርቀቱ ብቻ አይበቃም

የርቀቱን ደንብ ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ግን በሁለተኛው ጉዳይ ይሰናከላል። ይኸውም ሌንሱን ማን ያንቀሳቅሰዋል የሚለው ነው።

ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ደንበኞቹን ያስቀየመበት ለውጥ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። የኦቶፎከስ ሞተሩም ሆነ አፐርቸር የሚባለውን የብርሃን ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ኃይል በራሱ በሌንሱ ውስጥ ተቀመጠ። ቦዲው የሚልከው የኤሌክትሪክ ትዕዛዝ ብቻ ነው። ኒኮን በበኩሉ ደንበኞቹን ላለማስቀየም እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን አፍ ጠብቆ፣ ሞተሩን በቦዲው ውስጥ አድርጎ ሌንሱን በትንሽ ዘንግ ማሽከርከርን መረጠ። በጊዜው የኒኮን ደንበኛ ተጠቃሚ ነበር።

ከ31 ዓመት በኋላ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። ሁለቱ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ሙሉ ፍሬም ሚረርለስ ካሜራቸውን ሲያወጡ እያንዳንዳቸው አዳፕተር አብረው አቀረቡ። የካኖኑ አዳፕተር የኤሌክትሪክ መስመሩን ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለበት ከ1987 ወዲህ የተሠሩ የካኖን ኢኤፍ ኦቶፎከስ ሌንሶች በአዲሱ ካሜራ ላይ ኦቶፎከሳቸውን እንደያዙ ይሠራሉ። ኤፍቲዜድ የተባለው የኒኮን አዳፕተር ግን ሞተር የለውም። በመሆኑም ኤኤፍ-ኤስ የተባሉት፣ ሞተራቸው በውስጣቸው ያለ ሌንሶች ሙሉ አገልግሎት ሲሰጡ፣ ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት በዘንግ የሚሽከረከሩ ሌንሶች በእጅ ብቻ የሚጠሩ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤፍቲዜድ 2ም በዚህ ረገድ ያመጣው ለውጥ የለም። 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ዲ ወይም 80-200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ዲ ይዞ ወደ ኒኮን ዜድ የሚሸጋገር የሠርግ ፎቶ አንሺ ይህን ሳያውቅ ከገዛ ሥራው ላይ ሆኖ ነው የሚረዳው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ኤልኤ-ኢኤ5 ለቀድሞዎቹ የሚኖልታና የሶኒ ኤ ሌንሶች ሞተር የያዘ አዳፕተር ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ በዘንግ የሚሠሩትን ሌንሶች የሚያንቀሳቅሰው በተወሰኑ የሶኒ ቦዲዎች ላይ ብቻ በመሆኑ ከግዥ በፊት የቦዲውን ሞዴል ማጣራት ያስፈልጋል።

አዳፕተር ሁሉ አንድ አይደለም

በገበያው ላይ ያሉት አዳፕተሮች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ምንም የኤሌክትሪክ መስመር የሌለው ተራ የብረት ቀለበት ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን የራሳቸው የአፐርቸርና የፎከስ ቀለበት ላላቸው አሮጌ ሌንሶች ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ይህንኑ ቀለበት ለካኖን ኢኤፍ ሌንስ የገዛ ሰው ግን ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው። ኢኤፍ ሌንስ የአፐርቸር ቀለበት ስለሌለው ትዕዛዝ የሚሰጠው ሲያጣ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። ጂ በሚባሉት የኒኮን ሌንሶችም ላይ ቀለበት የለም፤ አፐርቸሩን በምላስ የሚገፋ ቀለበት ያለው አዳፕተር መፈለግ ይገባል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነጥቦች ያሉት አዳፕተር ነው። የአንድን ፋብሪካ ሌንስ ከዚያው ፋብሪካ ካሜራ ጋር የሚያገናኘው፣ ለምሳሌ ከኢኤፍ ወደ አርኤፍ የሚያሸጋግረው፣ እጅግ አስተማማኙ ነው። የአንዱን ፋብሪካ ሌንስ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት፣ ለምሳሌ ሲግማ ኤምሲ-11 እና የሜታቦንስ አዳፕተሮች፣ ሥራቸው እንደ ሌንሱና እንደ ቦዲው ይለያያል። ቆሞ ለሚነሣ ሰው የሚበቃው ፍጥነት ለሚሮጥ ሕፃን ላይበቃ ይችላል።

ሦስተኛው በውስጡ ብርጭቆ ያለው ነው። ሜታቦንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ስፒድ ቡስተር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለትልቅ ሴንሰር የተሠራን ሌንስ ምስል በ0.71 ያህል አጥብቦ ትንሽ ሴንሰር ላይ ስለሚያሳርፍ የእይታው ስፋት ይጨምራል፤ ብርሃኑም በአንድ ደረጃ ያህል ይደምቃል። ትንሽ ሴንሰር ባላቸው ካሜራዎች ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ይፈልጉታል። ይሁንና ብርጭቆ የገባበት ነገር ሁሉ ጥራቱ በብርጭቆው ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ርካሹን መግዛት አይመከርም።

የሄሊዮስ ነገር

ከርካሽ ሌንሶች መካከል ስሙ በብዛት የሚነሣው ሄሊዮስ 44-2 ነው። ይህ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ ባዮታር ከተባለው የጀርመኑ የዛይስ ሌንስ ንድፍ የተወሰደ ሲሆን፣ በሶቪየት ኅብረት ከዜኒት ካሜራ ጋር በሚሊዮን በሚቆጠር ብዛት ተመርቷል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ከተማሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን በአንዳንዶቹ ቤት ዜኒት ከነሌንሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲያነሣ ከጀርባ ያሉትን ቅጠሎችና መብራቶች የሚሽከረከሩ አስመስሎ ያደበዝዛል። በዘመናዊ ሌንስ መለኪያ ጉድለት የሆነው ይህ ባሕርይ ዛሬ የሚፈለግበት ምክንያት ሆኗል።

ነገር ግን በሚሊዮን የተመረተ ዕቃ ብርቅ ሊባል አይችልም። ሻጩ የብርቅ ዋጋ ከጠየቀ ገዢው መጠርጠር አለበት። በተጨማሪም የሚገጠምበትን ካሜራ ማሰብ ይገባል። ሽክርክሪቱ ጎልቶ የሚታየው በምስሉ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ አብዛኛው ተቆርጦ ይቀራል። 58 ሚሊ ሜትሩም ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው ሴንሰር ላይ 87 ሚሊ ሜትር፣ በማይክሮ ፎር ቴርድስ ላይ ደግሞ 116 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ያጠባል።

የቆጡን አወርድ ብላ

የሌንስ ገበያ ለውጥ ትልቁን ገንዘብ የሚነካው ግን ዲኤስኤልአር ይዘው ወደ ሚረርለስ በሚሸጋገሩት ላይ ነው። የካኖን ሊቀ መንበር እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የኩባንያው የመጨረሻ ዋና ዲኤስኤልአር ኢኦኤስ-1ዲ ኤክስ ማርክ 3 መሆኑን ካስታወቁ ወዲህ አቅጣጫው ግልጽ ሆኗል። ብዙዎች ተደናግጠው ኢኤፍ ሌንሶቻቸውን ለገበያ አውጥተዋል። ሻጭ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል።

የ2018ቱን የአሜሪካ ገበያ ዋጋ ብቻ ብንመለከት ስሌቱ ግልጽ ነው። የካኖን ኢኦኤስ አር ቦዲ ሲወጣ 2,299 ዶላር፣ ተራው አዳፕተር 100 ዶላር ገደማ፣ አርኤፍ 28-70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ ደግሞ 2,999 ዶላር ነበር። ጥሩ ኢኤፍ ሌንስ የነበረው ሰው በ2,400 ዶላር ገደማ ወደ አዲሱ ካሜራ ሲሸጋገር፣ ሌንሱንም አብሮ የቀየረው 5,298 ዶላር ያወጣል። ልዩነቱ ወደ 2,900 ዶላር ይጠጋል፤ ይህም በአንድ ሌንስ ብቻ ነው። ሦስት ሌንስ ያለው ሰው ሦስቱንም የሚያገለግለው ያው አንድ አዳፕተር ነው።

ለኢትዮጵያ ገበያ ይህ ስሌት ይበልጥ ይከብዳል። ካሜራና ሌንስ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአዲስ ሌንስ ዋጋ በብር ሲተመን እጅግ ንሯል። ቀድሞ በዝቅተኛ ምንዛሪ የገባ ጥሩ ሌንስ በእጁ ያለ ፎቶ ቤት በርካሽ ሸጦት አዲሱን በዛሬው ምንዛሪ ከሚገዛ አዳፕተር ቢገዛ ያዋጣዋል። አለበለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይደርስበታል።

ይህ ሲባል አሮጌ ሌንስ ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። ሠርግ፣ ስፖርትና ዜና የመሳሰሉት የማይደገም ቅጽበት የሚነሣባቸው ሥራዎች ኦቶፎከስ ይፈልጋሉ። በአንጻሩ ለዕቃ ማስታወቂያ፣ ለሕንፃ፣ ለስቱዲዮ ምስልና ለቃለ መጠይቅ ቪዲዮ በእጅ የሚጠራው ሌንስ በቂ ነው። የሚረርለስ ካሜራ የጠራውን ጠርዝ በቀለም የማሳየትና ምስሉን አጉልቶ የማሳየት ችሎታ ይህን ሥራ አቅልሎታል።

ከግዥ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ገዢው በመጀመሪያ ሌንሱን ከፍቶ የሞባይል መብራት ከኋላው አብርቶ ማየት አለበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ብርጭቆውን በልቶት ከሆነ መጽዳቱ ብቻ አይመልሰውም። ጉም የመሰለ ብዥታ የምስሉን ድምቀት ይቀንሳል። ጥቂት አቧራ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ቀጥሎ የአፐርቸሩ ምላሶች ደረቅ መሆናቸውን፣ ዘይት እንዳልነካቸውና ሳይለግሙ እንደሚዘጉ ማረጋገጥ ነው። የፎከስ ቀለበቱም ሳይዋልልና ሳይደርቅ እኩል መዞር አለበት።

እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ያሉ አንዳንድ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሌንሶች ቶሪየም ያለበት ብርጭቆ ስላላቸው በዕድሜ ብዛት ይቢጫሉ፤ መጠነኛ ጨረርም አላቸው። ቢጫነቱን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሊያቀልለው ይችላል። ገዢው ይህን አውቆ ሊደራደርበት ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና የአዳፕተሩ ነው። ሌንሱ ተገጥሞ እስከ መጨረሻ ሲዞር ሩቅ ያለ ሕንፃ ወይም ተራራ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ካልጠራ አዳፕተሩ ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ሌንሱ በአፉ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነም ቀለበቱ በትክክል አልተሠራም። በኤም42 ሌንሶች መካከል ከኋላ ትንሽ ችንካር ያላቸው አሉ፤ ሌንሱ ላይ የማኑዋል ማብሪያ ከሌለ ችንካሩን የሚጫን ከንፈር ያለው አዳፕተር ካልተገኘ አፐርቸሩ አይዘጋም።

ሦስተኛው ቀላል ቢሆንም ብዙ ግብይት የሚያፈርስ ነው። በተራ ቀለበት የተገጠመን ሌንስ ካሜራው ስለማያውቀው አላነሣም ሊል ይችላል። ችግሩ ከሌንሱ ሳይሆን ከካሜራው ማውጫ ነው፤ ያለ ሌንስ ማንሣት የሚለው ሲፈቀድ ይሠራል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሴንሰር ያለው ካሜራ ከሆነ ደግሞ የሌንሱ ሚሊ ሜትር በእጅ መሞላት አለበት። 58 የሆነውን 200 ብሎ መሙላት ምስሉን ያበላሻል።

እንግዲህ ባለ መስታወት ካሜራዎች ከምርት እየወጡ በሄዱ ቁጥር ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ የሚገባው ሌንስ መብዛቱ አይቀርም። ከዚህ ውስጥ ዋጋውን የሚጠብቀው ርቀቱ የረዘመ፣ ሞተሩን ወይም ቀለበቱን በራሱ የያዘና ብርጭቆው ንጹሕ የሆነው ነው። ኃይሉን ከጠፋ ቦዲ የሚጠብቀው ሌንስ ግን ስሙ የቱንም ያህል ቢገን በማኑዋል ሌንስ ዋጋ መገመት ይኖርበታል።